ጥቁሩ ገበር

ሰፈሩ «መቀስ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ያው ነው። ከባሏ ጋር በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ሁለት የስፌት መኪና ፊት ለፊት ደቅነው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰፍተዋል። እሷ ስትለፈልፍ እሱ ቁልፍ ይተክላል።

በሽታው ሲመጣ ድንገት ነው። ራሷን ይፈልጣታል፣ ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣታል፣ አንገቷ ደርቆ አገጯን ወደ ደረቷ ማድረስ ያቅታታል፣ ብርሃን ጠላቷ ይሆናል። በአራት በአምስት ቀኑ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ብን ብሎ ይጠፋል። ባሏ ከጥቁር የኮት ገበር ለመኝታ ቤቱ መስኮት መጋረጃ ሰፍቶላት ነበር። ገና «ራሴን» ስትል ሮጦ ይሰቅለዋል።

በሦስተኛው ጊዜ ሐኪሙ ከጀርባዋ ፈሳሽ ቀድቶ አስመረመረ። «ማጅራት ገትር ነው፤ ግን ገዳዩ ዓይነት አይደለም። ያመጣው በግንኙነት የሚተላለፍ ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው» አላት። የቀረውን መች ሰማች!

«ከየትኛዋ አምጥተህ ነው የጫንክብኝ?» አለችው ባሏን፣ ቤት ገብታ ሳትተኛ።

«ኧረ እኔ የትም አልሄድኩም!»

ጮኸች። በጮኸች ቁጥር ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ታቃስታለች፣ ደግሞ ትጮሃለች። በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ «እሺ፣ አጥፍቻለሁ» አላት። ያኔ ዝም አለች። ሲሻላት ግን የስፌት መኪናውንም እሱንም ከቤትም ከሱቅም አስወጣች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ማንም ሊመልሳት አልቻለም።

ከአራት ዓመት በኋላ በሽታው ተመለሰ። መጋረጃውን ግድግዳ እየዳበሰች ራሷ ሰቀለች። በዚህኛው ጊዜ ያከመቻት ሐኪም ረጋ ያለች ነበረች።

«እህቴ፣ ይሄ ቫይረስ ምንም ምልክት ሳያሳይ ሰውነት ውስጥ ብዙ ዓመት ይደበቃል። መቼ፣ ከማን እንደያዘሽ ማንም ሊነግርሽ አይችልም። ከትዳርሽ በፊትም ሊሆን ይችላል» አለቻት።

ከትዳሯ በፊት! ሴትዮዋ ደነገጠች። በልጅነቷ ዓመት ያልሞላው ሌላ ባል ነበራት። ያን ሁሉ ስድብ ስታወርድበት፣ ይሄኛው ባሏ የዚያን ሰው ስም አንድ ቀን እንኳ አላነሳባትም።

እንደተሻላት ባሏ ለብቻው ወደ ከፈተው ሱቅ ሄደች። ዚፕ እየቀየረ ነበር። ሐኪሟ ያለቻትን ነገረችውና «ታዲያ ያላደረግከውን ለምን አደረግኩ አልክ?» ብላ ጠየቀችው።

«በጮኽሽ ቁጥር ያምሽ ነበራ» አለ፣ ከዚፑ ቀና ሳይል። «ካመንኩልሽ ዝም ትያለሽ ብዬ ነው።»

 መቀስ «በድዬሃለሁ። ወደ ቤትህ ና» አለችው።

«አይ፣ አሁንስ ጸጥታውን ለምጄዋለሁ» አለ። በክፋት አልነበረም። ወዲያው ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ማረፏን አየና፣ ተነስቶ የሱቁን መጋረጃ ሳበላት።