ጋራው ስንት ሜትር ይርቃል?

አምስተኛዋ ጥያቄ ላይ ስደርስ እርሳሴ ቆመ...

ጊዜው ጣሊያን አገሩን የያዘበት ነው፤ ቦታው ሸዋ ሮቢት። ጦርነቱ አዲስ አበባ የጀመርኩትን ትምህርት አቋርጦብኝ፣ ለአንድ ጣሊያን መንገድ ቀያሽ ሜትር እየጎተትኩ እንጀራዬን እበላ ነበር። ሰውዬው ማስተማር ይወዳል። ፈረንሳይኛ እንደምችል ካወቀ ጀምሮ የሳይን፣ የኮሳይን፣ የታንጀንት ጥያቄ እየጻፈ የቤት ሥራ ይሰጠኛል። እኔም፣ ምን ልዋሽ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

የዚያን ቀን አራቱ «ይህ ከዚያ ጋር እኩል መሆኑን አሳይ» የሚሉ ናቸው። ሠራኋቸው። አምስተኛዋ ግን... አንድ ሰው የአንድን ጋራ ጫፍ በ10 ዲግሪ ከፍታ ያያል፤ 240 ሜትር ወደ ጋራው ተጠግቶ ሲያይ 12 ዲግሪ ይሆናል። ከተጠጋበት ቦታ ጋራው ስንት ሜትር ይርቃል?

አልመጣልህ ሲለኝ ወረቀቱን ይዤ ሸህ ኢድሪስ ዘንድ ሄድኩ። የሶላቱን ሰዓት በጥላ ለክተው አዛን የሚያደርጉ ሽማግሌ ናቸው። ካገሩ ሰው ይህን ነገር የሚያውቅ ቢኖር እሳቸው ናቸው።

ዱላቸውን አሸዋው ላይ ተከሉ።

«ጋራውን ዱላ ነው በል። ሰውዬው የቆመባቸው ሁለቱ ቦታዎች የጥላው ጫፍ ናቸው፤ አንዴ ሲረዝም፣ አንዴ ሲያጥር። የሁለቱን ልዩነት ነግሮሃል። ሌላ ምን ቀረህ?»

ወለል ብሎ ታየኝ። በደስታ ልሰናበታቸው ስል...

«240 ሜትሩን ማን ለካው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ ሸኽዬ... ሰኞ ዕለት፣ ከካምፑ አጥር እስከ ዋርካው።»

እንዳልኩት ነገሩ ገባኝ። ዋርካው ሥር ትናንት መድፍ ተተክሏል። ከዋርካው ፊት ለፊት ያለው ጋራ ደግሞ አንድ ነው፤ ታላቅ ወንድሜ ታፈሰ ከአርበኞቹ ጋር የመሸገበት።

ሸህ ኢድሪስ ዱላቸውን ነቀሉ። «ለአርበኞቹ ሰው እልካለሁ። ዞሮ ነው የሚወጣው፣ ጊዜ ይፈጃል። አንተ እስከ ከሰዓቱ የአስር ሶላት አዛን ድረስ እንዳትጨርስለት። አደራ።»

ከሰዓት በኋላ ቀያሹ ድንኳን ውስጥ ሆን ብዬ አበላሽቼ ሰጠሁት። መቀነስ ሲገባኝ ደመርኩ።

«109 ሜትር? ጋራው ማድ ቤታችን ገባ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ከመጀመሪያው አስረዳኝ። ራሱ በአንድ አፍታ ሊሠራው ይችል ነበር፤ ግን እኔ እንድሠራው ፈለገ።

«ገባህ?»

«አልገባኝም።»

ደገመልኝ። «አሁንስ?»

«አልገባኝም።»

ተቁነጠነጥኩ። ጆሮዬ መስጊዱ ላይ ነው... አዛን የለም። ለሦስተኛ ጊዜ አስረዳኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ራሴን ነቀነቅኩ።

እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አልተቆጣም፤ እንዲያውም አዘነልኝ።

«ተወው፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ይህ ነገር ለእናንተ አገር ሰው ይከብዳል።»

ምን እንደነካኝ እንጃ... ደሜ ፈላ። እርሳሱን አነሣሁና በሸህ ኢድሪስ መንገድ፣ ጥላውን ከጥላው ቀንሼ፣ አንድም ሳልሰርዝ ሠራሁት። 1168 ሜትር። ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመርኩበት። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

«ጎበዝ ነህ፣ ይቅርታ አድርግልኝ» አለና ወረቀቱን ይዞ ወደ መድፈኞቹ ሄደ። እኔ እርሳሱን እንደያዝኩ ቀረሁ።

መድፉ ሲያጓራ አዛኑ ገና አልተሰማም ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ታፈሰን አንድ ዘመዳችን ቤት አገኘሁት። ግራ እጁ ከክርኑ በታች የለም።

«መልእክተኛው ደርሶልናል፤ ሌሎቹ ወጥተው ነበር» አለኝ። «እኔ መጨረሻ ስለቀረሁ ነው። እስከ አስር ሶላት ያቆየዋል ብለውን ነበር... አልቻልክም?»

ቀና ብዬ አላየሁትም። «ሰውዬው ጥሩ አስተማሪ ነው፤ በግድ አስገባኝ» አልኩት።

«አንተ ምን ታደርግ» ብሎ በደህናው እጁ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ይህንኑ እንዳመነ ነው የሞተው።