ያልተነገረ መርዶ

ጋሼ አካለ ወልድ የባሌ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሞጣ ፊዚክስ ያስተምራሉ። በልጅነታቸው መርጡለ ማርያም ቅኔ ቆጥረው ነበር፤ ኋላ ሳይንስ ወሰዳቸው። ደግ ናቸው፣ አልዋሽም። ግትርነታቸው ግን! በሬ ይሻላል።

ባሌን ኃይለ ሚካኤልን በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ፣ የቀበሌ ታጣቂዎች ከዚሁ ከቢቸና ቤታችን ወሰዱት። ሬሳ የለ፣ ወሬ የለ። በእኛ አገር መርዶ ሳይነገር አይለቀስም፤ ሳይለቀስ ተዝካር የለም። መርዶውን ማርዳት ደግሞ የእሳቸው ፈንታ ነበር። እሳቸው እቴ! «ምልክት ሳይገኝ ሞተ አልልም» ብለው አፍነው አስቀመጡኝ። ጥቁር ብለብስ ሟርተኛ፣ ነጭ ብለብስ ባሏን የረሳች። ምን ልሁን?

የሰባ ሰባት ገና እኔ ቤት መጡ። እንግዳ ሲሰበሰብ አንድ የውጭ መጽሔት አውጥተው ስለ ሰማይ ማውራት ጀመሩ። ከዋክብትን የሚስብ የማይታይ ቁስ አለ አሉ። ቅንጣቱ ከተጻራሪው ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይጠፋሉ፤ የሚቀረው ጋማ የሚባል ጨረር ነው። ሊቃውንቱ ያንን ጨረር እየፈለጉ ነው።

«ተገኘ?» አልኳቸው።

«ገና ነው።»

«ታዲያ ቁሱ የለም ማለት ነዋ!»

«እንዴት ይባላል!» አሉ ተቆጥተው። «ከዋክብቱ እኮ በእሱ ክብደት ነው የሚዞሩት።»

ደሜ ፈላ። ሳህኑን አስቀምጬ ተነሣሁ።

«ጋሼ! ለሰማዩ ነገር ምልክት ሳይገኝ ክብደቱ በቃዎት። የእኔስ? ማሳው ጦም አደረ፣ ልጆቹ በሩን እያዩ አደጉ፣ እኔ ጎብጬ ቀረሁ። ይሄ ክብደት አይደለም? እነሱ ለገደሉት ማልቀስ ያሳስራል፣ አውቃለሁ። ፈርቼ ነው ቢሉኝ ይቅር እልዎት ነበር። ፍርሃትዎን ሳይንስ አያልብሱት!»

እሳቸው መጽሔታቸውን አጥፈው ወጡ። ደህና ሁኚ እንኳ አላሉኝም፤ እኔም አልሸኘኋቸው።

ጥምቀት ባለፈ ሳምንት ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ አካለ ወልድ ከነፍስ አባታችን ከአባ ገብረ ክርስቶስ ጋር ቆመዋል።

«ይርጋነሽ፣ ኃይለ ሚካኤል ሞቷል» አሉ። «ፈርቼ ነው።»

እሪ አልኩ! ጎረቤት ግልብጥ ብሎ ወጣ። የቀበሌው ዘበኛ ጠመንጃውን ይዞ መጣና «ማነው የሞተው?» ብሎ ጮኸ።

«ወንድሜ ነው!» አሉ ጋሼ አካለ ወልድ፣ በሞጣ ክፍላቸው እንደሚያስተምሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «እናንተ የገደላችሁት ወንድሜ!»

በሬሳው ፈንታ የኃይለ ሚካኤልን ኮት ደጅ ላይ ዘረጋሁ። ከሰባት ዓመት በኋላ መበለት ሆንኩ።