በእርሳስ የተጻፈ ስም

ቅዳሜ ከሰዓት የዘር ሐረግ ፈላጊዎች ማኅበር በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ሲሰበሰብ፣ አንዲት ሴትዮ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ሌላው በዘር ሐረጉ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሰባት ቤት ቆጥሮ አንድ ጌታ አያት ካላገኘ አይመለስም። እዚያ ክፍል ውስጥ ድሃ ሆኖ የሞተ አያት ያለው ሰው የለም። እሳቸው ግን ከወረቀታቸው ግርጌ ንቅንቅ አይሉም። የሚለብሱት የወጣት ወንድ ጃኬት ነው፤ ትከሻው ሰፍቷቸዋል፣ እጅጌው ሁለት ጊዜ ታጥፏል።

የማኅበሩ ደንብ አጭር ነው፦ የሞተ ሰው ስም በእስክሪብቶ፣ በሕይወት ያለ ሰው ስም በእርሳስ ይጻፋል። በሴትዮዋ ወረቀት ላይ በእርሳስ የተጻፉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ እሳቸውና ከስማቸው ሥር አንድ ልጃቸው። የልጁን ስም በጣታቸው ሲዳብሱት ይደበዝዛል። ያን ጊዜ እርሳሳቸውን ይቀርጹና መልሰው ያደምቁታል። ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ሊበሳ ምንም አልቀረው።

ልጁ ሥራ ፍለጋ ብሎ ከወጣ፣ ድምፁም ከጠፋ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። የማኅበሩ ጸሐፊ ይህን እያወቀ ዝም ብሎ ኖሯል። ዛሬ ግን ያን ስም እንደገና ሲያደምቁት ሲያይ ወደ እሳቸው ሄደ። እስክሪብቶውን ይዞ ጎንበስ አለ።

«እናቴ፣ አሁንስ እርምዎን ያውጡ።»

አልተቆጡም። «እስቲ አምጣው ልጄ» ብለው ተቀበሉት። ከልጃቸው ስም በላይ ያለውን የራሳቸውን ስም በእስክሪብቶው ደግመው ጻፉት።

«እኔን ያስቀድመኝ» አሉ፣ እስክሪብቶውን ሲመልሱለት።