የተቆለለች ማንኪያ

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ከስኳር መጠቅለያ ወረቀት ላይ ነው፤ እንግሊዝኛውንም ከመድኃኒት ወረቀት ለቃቅሜ ያዝኩት። ዛሬ በመካነ ሰላም፣ በእኛ ሰፈር፣ ኪኒን የታዘዘለት ሁሉ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚዋጥ የሚጠይቀው እኔን ነው። በእህል ንግድም ቢሆን የእኔን ቁና የሚያህል አልነበረም። አፉ ላይ አስተካክሎ የሚሰፍር ነጋዴ ስሙ ስስታም ነው፤ እኔ አናቱ ጉብታ እስኪያወጣ ቆልዬ ነበር የምሸጠው።

ስለዚህ የልጄ ጡት ነጥፎ ለአራት ወሯ ሕፃን የዱቄት ወተት ሲታዘዝ፣ ጡጦውን ማዘጋጀት የእኔ ሥራ ሆነ። ማን ሊቀድመኝ? የቆርቆሮውን ጽሑፍ አነበብኩ፤ ውኃውን አፍልቼ አበረድኩ፤ ማንኪያውን ቆጥሬ ጨመርኩ።

በሁለተኛው ሳምንት የሕፃኗ ሆድ ደረቀ። አራት ቀን ምንም የለም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት እግሯን ወደ ሆዷ ሰብስባ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ አማጠች። የወጣው የፍየል በጠጥ የመሰለ ሁለት ፍሬ ነው፤ ጨርቁንም ደም ነክቶታል። ልጄ ደሙን አይታ አለቀሰች።

ባለቤቴ የጉሎ ዘይት ይዛ መጣች። «አንድ ማንኪያ ብቻ ላቅምሳት!»

«የአራት ወር ልጅ እኮ ናት! ጤና ጣቢያ እንውሰዳት» አልኩ።

«ያረቢ! ዶክተርም ዶክተር ጋ ይሄዳል እንዴ?» አለችኝ።

ቆርቆሮውን በብብቴ ይዤ ሄድን። ነርሷ ልጅ እግር ናት። የሕፃኗን ሆድ ዳሰሰች፤ መቀመጫዋን አይታ ደሙ ከትንሽ ስንጥቅ የመጣ መሆኑን ነገረችን።

«ወተቱን የሚያዘጋጀው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

«እስኪ አባባ፣ አሰፋፈርዎን ያሳዩኝ።»

ማንኪያዋን ዛቅ አድርጌ፣ ቆልዬ ዘረጋሁላት።

ሳቋ አመለጣት። «አባባ፣ ይሄ እኮ ጤፍ አይደለም! ሆዷን ያደረቀው ይሄ ቁልል ነው። በቢላ ጀርባ አፉን አስተካክለው ይስፈሩ።»

«ለልጅ ልጄ ልሰስት?»

«ይሰስቱ! አብሽሩ፣ ትድናለች። ዘይት ግን እንዳያጠጧት፣ ሳሙናም በመቀመጫዋ እንዳያስገቡባት።» ሆዷን በመዳፍ በክብ ማሸት፣ እግሮቿንም ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ማንቀሳቀስ አሳየችን።

ሁለት ቀን እንዲሁ አደረግሁ። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ መዳፌን በዚያች ሆድ ላይ እንዳሳረፍኩ፣ ከሥሩ አንድ ነገር ሲያጉረመርም ተሰማኝ። አንጀቷ ከእኔ ትንሽ ጣት የሚቀጥን ፍጥረት፣ ማንም ሳያስተምራት፣ ሥራዋን ታውቃለች! ከጥፍር የማትበልጥ የዱቄት ጉብታ ይህን ሁሉ አቆመች፤ ጉብታዋ ስትቀር ሁሉም በራሱ ተንቀሳቀሰ። ሕፃኗ ፊቷ ሳይቀላ፣ እንደ ለጋ ቅቤ በላላ ካካ ጨርቁን ሞላችው። ባለቤቴ «እልል!» አለች።

በዚያ ሳምንት የሠራሁትን ልንገራችሁ። የጉሎ ዘይቱ ብልቃጥ ሳይከፈት እንዲቀር አድርጌአለሁ። አንድም ጡጦ ሳላወፍር በጥብጫለሁ። ሦስት የጎረቤት እናቶችን በቢላ ጀርባ መስፈር አስተምሬአለሁ፤ አንዷ እስካሁን ስስታም ትለኛለች። ልጄ እንባዋን ጠርጋ፣ ሕፃኗን አቅፋ በቀን እንቅልፍ ወስዷታል። ያንን ካካ የሞላው ጨርቅም በእጄ አጥቤ ፀሐይ ላይ ያሰጣሁት እኔው ነኝ።