ከረጢት ይዞ መስገድ

አባቴ የውስጥ ሱሪያቸውን ራሳቸው ማጠብ ሲጀምሩ ሳቅሁ። መካነ ሰላም ውስጥ ሽማግሌ ሳሙና ይዞ ጓሮ ሲቀመጥ ያየ ሁሉ ይስቃል። ከጅዳ ከተመለስኩ ብዙም አልቆየሁም፤ እኔ በሌለሁበት የለመዱት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ከገመድ ላይ ሳነሳው ያልለቀቀ ደም አየሁ። ክው አልኩ።

«ኪንታሮት ነው» አሉኝ ፊታቸውን አዙረው። ለካ ከአንድ መድኃኒት አዋቂ ቅጠል ተቀብለው ሲቀቡ ከርመዋል። በእኛ አገር ከወገብ በታች ያለ ሕመም ሁሉ ስሙ ኪንታሮት ነው፤ ከተባለ ደግሞ ማንም ዝቅ ብሎ አያይም።

እየተቆጣሁ ደሴ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ጓንት አጥልቆ በጣቱ መረመራቸው። አንጀትን በካሜራ የሚያይ ኮሎኖስኮፒ የሚሉት ምርመራ ታዘዘ። ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ መጣ። ካንሰር። የትልቁ አንጀት መጨረሻ፣ ሬክተም የሚሉት ቦታ። አባቴ ግን «አልሐምዱሊላህ» ብለው ጥምጣማቸውን አስተካከሉ።

እሳቸውን ያስደነገጣቸው ሌላ ነው። አዲስ አበባ ጨረርና ኬሞቴራፒ ከጨረሱ በኋላ ቀዶ ሐኪሟ አስቀምጣ አስረዳችን።

«በላፓሮስኮፒ እንሠራለን። በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ እናስገባለን፤ ካልተመቸን ሆድዎን እንከፍታለን። ዕጢው ግን የመውጫውን ጡንቻ ይዞታል፤ ፊንጢጣውም አብሮ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሰገራ በሆድዎ በኩል ወደ ከረጢት ይወጣል። ለዘለቄታው።»

«ነጃሳ ታቅፌ አላህ ፊት አልቆምም» አሉ አባቴ። ተነሱ። «አገሬ መልሽኝ።»

ለመንኳቸው። አለቀስኩ። እምቢ አሉ። ካንሰር ያላስደነገጠው ሰው ለሰላቱ ሲል ሊሞትብኝ ነው። ከሐኪሟ ክፍል ሳንወጣ፣ ሳልነግራቸው መካነ ሰላም ደወልኩና አብረዋቸው ቁርአን ለቀሩት ሸኽ ነገሩን ነግሬ አገናኘኋቸው።

«ይኸን ነገር ማንን ጠየቅህ?» አሏቸው ሸኹ።

«ይኸ ምን ይጠየቃል?»

«ዑዝር ያለበት፣ የሚወጣውን መቆጣጠር የማይችል ሰው ለየሰላቱ ታጥቦ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፤ ቢፈስም ሰላቱ ሰላት ነው። መዳኛ እያለህ ብትሞት ግን ለአላህ የምትመልሰውን እኔ አላውቅልህም።»

አባቴ ስልኩን መለሱልኝ። ወደ ሐኪሟ ዞሩና «የት ነው የምፈርመው?» አሏት።

ቀዶ ሕክምናው ሆዳቸው ሳይከፈት አለቀ። ሆዳቸው ላይ ያሉት ትናንሽ ቁስሎች ቶሎ ቢጠግጉም የታችኛው ቁስል ጊዜ ስለወሰደ ደህና አድርገው ለመቀመጥ ብዙ ተቸግረዋል፤ ከረጢቱን መጀመሪያ የምቀይረው እኔ ነበርኩ፣ ኋላ ግን ነርሷ ለሁለታችንም ደጋግማ አሳየችንና ዛሬ እኔን ከክፍል አስወጥተው ራሳቸው ይቀይራሉ።

ሐኪሞቹን፣ ነርሷንና ሸኹን አላህ ይስጥልኝ። እናንተም ደም ካያችሁ ስም ሳታወጡለት ተመርመሩ። ሃይማኖታችሁ ከከለከላችሁም ሸኻችሁን ወይም የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ እንጂ ራሳችሁ አትፍረዱ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ባለፈው ጁምዓ አባቴ ሰግደው ሲመለሱ ጎረቤታችን፣ የዕድሜ እኩያቸው፣ ተከትሏቸው ገባ። ሲቅለሰለስ ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔም ደም ካየሁ ሰነበትኩ» አላቸው። አባቴ እኔ እዚያው ቆሜ እያየሁ ጀለቢያቸውን ገልጠው ከረጢቱን አሳዩት።

«ነገ ደሴ እወስድሃለሁ» አሉት።