ለወንድሜ የዘለልኳቸው ትዕይንቶች

እኔ ፊልም አዋቂ አይደለሁም። የሠራውን ሰው ስም ይዤ አላውቅም፤ ተዋናዩንም በመልኩ ነው የምለየው። ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ እሰፋለሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ዓይኔ ጥለትና መርፌ ላይ ነው የሚውለው። እሁድ ምሳ ከበላሁ በኋላ ዲሹ ላይ ያገኘሁትን ከፍቼ እቀመጣለሁ፤ ማየቴ ይኸው ነው። ስለ ፊልም ያለኝ ሐሳብ ሁሉ ግን የመጣው ከታላቅ ወንድሜ ጋር ካሳለፍኳቸው ሦስት ዓመታት ነው። እሱ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ እኔ እያየሁ እነግረው ነበር።

ወንድሜ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት እኔ ገና አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ትምህርት ቤት የወሰደኝም፣ ሳጠፋ የገረፈኝም እሱ ነው። ስለዚህ እስከ ዛሬ ጋሼ ነው የምለው። ዕድሜውን ሙሉ ጅቡቲ መስመር ላይ ተሳቢ ሲነዳ ኖረ። ሚስቱ ሞተች፣ አንዲት ልጁም አግብታ አዳማ ገባች፤ ብቻውን ቀረ። ግላኮማ የሚሉት የዓይን በሽታ ሳያመው ከዳር ከዳር እየበላ መጥቶ ኖሮ፣ አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ መኪናውን ከግንብ ጋር አላተመ። ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም። ግራ ዓይኑ ጨርሶ ጠፋ፤ ቀኙ ብርሃንና ጥላ ብቻ ይለያል። እኔ ሚስት ስላላገባሁ አዲሱ ገበያ ከወላጆቻችን በቀረው ቤት ብቻዬን ነበር የምኖረው። ሻንጣውን ይዞ እኔ ጋ መጣ።

በመጀመሪያዎቹ እሁዶች ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛ ነበር። እኔም እንዳልረብሸው ድምፁን ቀንሼ አያለሁ። አንድ እሁድ መኪና የሚያሳድዱበት የጀብዱ ፊልም ከፍቼ ሳለ ድንገት ተናገረ።

"የምን መኪና ነው?"

"ቀይ ነው።"

"ቀለሙን አልጠየቅኩህም። ከባድ ነው ቀላል?"

"ከባድ። ቦቴ ይመስላል።"

"ቦቴ እንዲህ አይጮህም። ድምፁን ከሌላ መኪና ነው ያመጡት።" ወደ እኔ ዞረ። "ማን ነው የሚያባርረው?"

በዚያ ቀን ድምፁን ጨመርኩት። እንግሊዝኛው ለሁለታችንም ግማሽ በግማሽ ነው የሚገባን፤ ከሥር የሚጻፈው ደግሞ ዐረብኛ ነው፤ አይጠቅመንም። እሱ የሚሰማውን እኔ ከማየው ጋር እያጋጠምን መሄድ ጀመርን።

የጀብዱ ፊልም ላይ ያለኝ ቅሬታ ያኔ ነው የተጀመረው። ለብዙ ዓመት አይቼዋለሁ እንጂ ልብ አላልኩትም ነበር። ሰው ሦስት ቀን በረሃ ሲሮጥ አንድ ጊዜ እንኳን ውኃ ፍለጋ አይቆምም። ወንድሜ ይህን ቶሎ ያዘው። "እስካሁን ምን በላ?" ይለኛል። "አልበላም።" "ተኛ?" "አልተኛም።" "እንግዲያው ሹፌር አይደለም።" ቁልቁለት ላይ ሲበሩ ደግሞ "አሁን ፍሬኑ ይቃጠላል" ብሎ ይጠብቃል፤ አይቃጠልም፤ ይከፋዋል። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነበር። ሀብት ፍለጋ የሚወጡት ሰዎች የሰው አገር ሄደው አንድ ሺህ ዓመት የቆየ ቤት አፍርሰው ሲወጡ የሚጠይቃቸው የለም። እዚህ ከቁስቋም በላይ ጫካው ውስጥ አንድ ባሕር ዛፍ ብትነካ ጠባቂ ያፏጭብሃል። እዚያ ግን ዋሻው ሁሉ ባለቤት የለውም።

ኮሜዲው ግን አልሆነልንም። ከሁሉም የምወደው እሱን ነበር። አንድ ሰውዬ ትልቅ ኬክ ተሸክሞ ደረጃ ሲወርድ የሚወድቅበትን እያየሁ ሳቄ አመለጠኝ።

"ምን ሆነ?" አለኝ፤ ለመሳቅ አፉ ተከፍቷል።

"ሰውዬው ወደቀ።"

"ተጎዳ?"

"አይ፣ ማለቴ... አወዳደቁ ነው።"

"እንዴት ወደቀ?"

እንዴት እንደወደቀ ለመናገር ሞከርኩ። ኬኩን፣ በሩን፣ ከበሩ ጀርባ የቆመችውን ሴትዮ አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት። ጨርሼ ሳየው የተከፈተው አፉ ቀስ ብሎ ተዘግቷል። በዚያ መሀል ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሌላ ሦስት ነገር ተፈጽሞ ሰዎቹ ይንጫጫሉ። ሳቅ ሲተረክ እንደሚሞት ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ሁለት ሰውን እኩል ካልመታ ሳቅ አይደለም። ከዚያ በኋላ ከንፈሬን እየነከስኩ ማየት ጀመርኩ፤ እሱም አወቀብኝ። "ሳቅ እንጂ፣ እኔን ብለህ ነው?" አለኝ። በዚያው ሳምንት የሻይ ብርጭቆ ይዞ ሲወጣ ደጃፋችን ላይ ተደናቅፎ ወደቀ፤ ጉልበቱ ተላጠ። አነሣሁት። ቁስሉን ሳጥብለት "አወዳደቄ እንዴት ነበር?" አለኝ። ከዚያ በኋላ ኮሜዲ ቤታችን ውስጥ አልተከፈተም።

የተረፈን የወደፊቱን ዘመን የሚያሳየው፣ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚባለው ሆነ። በፊት አልወደውም ነበር። ብረት፣ ጢስና መብራት ብቻ ነው የሚመስለኝ። ከወንድሜ ጋር ሳየው ግን አንድ ነገር ተመቸኝ፤ እኔም የማየው ምን እንደሆነ አላውቅም። "ምንድን ነው?" ሲለኝ "እንደ ቦቴ ያለ፣ ግን ጎማ የሌለው" እለዋለሁ። ሁለታችንም በግምት ነበር የምንጓዘው። የሰማይ መርከብ ሲነሣ የእሱ ጥያቄ ሌላ ነው። መንገዱ ስንት ቀን ይፈጃል? በየተራ ነው የሚነዱት? ቤት የቀረችውን ሚስት ምን አሏት? አንዱ ፊልም ላይ ሰውዬው ተመልሶ ሲመጣ ልጁን አርጅታ አገኛት። ይህን ነገርኩት። "እኛም እንዲሁ ነበርን" አለ። "ሠላሳ ዓመት ስሄድ ስመለስ ልጄ ስታድግ አላየሁም።" ያን ቀን ስለ እነዚህ ፊልሞች ያለኝ ሐሳብ ተለወጠ። መብራቱንና ብረቱን ካነሣህላቸው ስለ መንገደኛ ነው የሚያወሩት።

ውሸቱን የጀመርኩት በክረምት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው የፊልሙ ድምፅ ይጠፋል፤ ወንድሜም እኔን ብቻ ሰሚ ይሆናል። አንድ እሁድ ፊልሙ መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ነገሩን ላልነግረው ፈለግኩ። ቀን ስለሆነና ዝናቡ ስለሚጮኽ አላወቀም። የቀረውን ከራሴ ፈጥሬ ጨረስኩለት፤ ሁሉም በሰላም ቤቱ ገባ። ደስ ብሎት ተነሣ። እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያ መብራት ባይጠፋም ማረም ጀመርኩ። ሹፌር ገደል ሲገባ ዘሎ ተረፈ እላለሁ፤ እናት ስትሞት ታመመች እላለሁ።

ሐኪም ቤት የሆነውም በዚያው ሰሞን ነው። ለክትትል ወስጄው ሳለ ዶክተሯ እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝ። የዓይኑ ነርቭ እንደሞተ፣ ቀዶ ጥገና የጠፋውን እንደማይመልስ፣ ጠብታው የሚጠቅመው በቀኙ የቀረችውን ብርሃን ለማቆየት ብቻ እንደሆነ፣ እሷም ለስንት ጊዜ እንደምትቆይ ቃል መግባት እንደማይቻል ነገረችኝ። "እሱም ሊያውቅ ይገባል፤ አንተ ብትነግረው ይሻላል ወይስ እኔ?" አለች። "እኔ እነግረዋለሁ" አልኳት። ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ ወንድሜ ጠየቀኝ። "ጠብታውን ሳያቋርጥ ይቀጥል፣ ቆይተን እናያለን ነው ያለችው" አልኩት። ቆይተን እናያለን የሚለውን እሱ ቀዶ ጥገና ብሎ ተረጎመው። መንጃ ፈቃዱን ማሳደስ እንዳልረሳ ሳይቀር ያሳስበኝ ጀመር። እኔም እሺ እያልኩ ኖርኩ።

ወራት አለፉ። አንድ እሁድ የሰማይ መርከብ ላይ የሚሠራ መካኒክ ፍንዳታ ዓይኑን ያጠፋበት ፊልም መጣ። ወንድሜ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። መጨረሻው አካባቢ ለሰውዬው ሌላ ዓይን ሠርተው ይተክሉለታል፤ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የሚያየው ልጁን ነው። ይህን መናገር አቃተኝ።

"አሁንስ?" አለኝ።

"መርከቧን እየጠገኑ ነው።"

"የሚያለቅሰው ማን ነው?"

"መካኒኩ ነው። እጁን ተቃጥሎ።"

ሌላ አልጠየቀኝም።

ለፋሲካ ልጁ ከአዳማ መጣች። ምሳ እየበላን ስለ ፊልም ተነሣና አባቷ ያንን መካኒክ ጠቀሰ። እሷ አይታዋለች። "ዓይኑ ሲበራለት ግን አላስለቀሰህም?" አለችው። ወንድሜ ጉርሻውን አስቀመጠ። ነገሩ ያልገባት ልጅ ማውራቷን ቀጠለች። እኔ ግን እጄን ከገበታው አነሣሁ።

ከምሳ በኋላ ጎረቤት ለመጠየቅ ስትወጣ ጠብቆ ጠራኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ለምን ዘለልከው?"

"እንዳይከፋህ ብዬ ነው፣ ጋሼ።"

"ሌላስ ስንት ዘለልክ?"

አልዋሸሁትም። የማስታውሰውን ያህል ነገርኩት። ገደል የገባውን ሹፌር፣ የሞተችውን እናት፣ በዝናቡ ቀን ከራሴ የፈጠርኩትን ሁሉ። እያንዳንዱን ስጠራ ራሱን ይነቀንቃል።

"እኔ ፊልም አያለሁ ብዬ ነበር" አለ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ ብሎ ጠየቀኝ። "ዶክተሯ ያን ቀን ለብቻህ የጠራችህ ጊዜ ምን አለችህ?"

ለአንድ አፍታ መዋሸት አሰኘኝ። አሁን ላይ ሳስበው የማፍረው በዚያች አፍታ ነው። ከዚያ ነገርኩት፤ ነርቩ ሞቷል፣ አይመለስም፣ ቀዶ ጥገና የለም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰማኝ። ልጁ ከጎረቤት ስትመለስ እሱ ገና እንደዚያው ነበር።

"አባዬ፣ ምን ሆንክ?"

"ምንም። አጎትሽ ፊልሙን እየጨረሰልኝ ነው።"

ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ፊልም አላየንም። ልክፈት ስለው "አንተ እይ፣ እኔ ሬዲዮ እሰማለሁ" ይለኛል። ሬዲዮውን ይዞ ደጅ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። አንድ ቀን መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ሰጠኝ፤ "ከሰነዶቹ ጋር አስቀምጠው፣ ማሳደስ አያስፈልግም" አለ። ተጣልተን አይደለም። ምግብ አብረን እንበላለን፣ ጠብታውን እኔ አደርግለታለሁ፤ ልክ ስንት ጠብታ እንደገባ ግን ጣቱን አንሥቶ ራሱ ይቆጥር ጀመር።

በኅዳር ልጁ ወሰደችው። የእንጦጦው ብርድ አይስማማውም፣ አዳማ ይሞቃል፣ እሷም ቤት ነው የምትውለው የሚል ነበር ምክንያቱ። ሁሉም እውነት ነው። መኪናው ድረስ ክንዱን ይዤ ሸኘሁት። ጋቢና ገባና ቀበቶውን ራሱ ፈልጎ አሰረ። ይቅርታ ልለው ፈልጌ ነበር፤ ሹፌሩ ይሰማናል ብዬ አፈርኩ። "ደውል" አለኝ፤ በሩን ዘጋሁት።

አሁን ብቻዬን ነው የማየው። ጀብዱውንም፣ ኮሜዲውንም፣ የወደፊቱን ዘመንም። ስለ ሁሉም ሐሳብ አለኝ፤ የምነግረው ሰው ስለሌለ ግን ብዙውን ሳልጨርስ አጠፋዋለሁ። በስልክ ስንገናኝ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ልጅ ልጁ ጥርስ እናወራለን። ፊልም እሱም አያነሣም፣ እኔም አላነሣም።

ባለፈው ማክሰኞ ሥራ ቦታ እያለሁ ደወለ። በሥራ ሰዓት ደውሎልኝ ስለማያውቅ ደንግጬ መርፌውን አስቀመጥኩ።

"የቀኙም ሄዷል" አለኝ። "ከሐሙስ ጀምሮ መስኮቱንም አልለየውም። ከሌላ ሰው እንዳትሰማ ብዬ ነው።"

"ሐኪም ምን አለ?"

"ያው ነው። የሚመለስ የለም አሉኝ፤ ለእኔው ነው የነገሩኝ።"

ከበስተጀርባው የሕፃን ድምፅ ይሰማኛል።

"ቅዳሜ ልምጣ?" አልኩት።

"ና" አለኝ።

ቅዳሜ ሱቁን ዘግቼ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥተውለት ተቀምጧል። ሰላም ስለው ድምፄ ከየት እንደመጣ ስቶ ፊቱን ያዞረው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነበር፤ ዞሬ ፊት ለፊቱ ቆምኩና እጁን ያዝኩት።