ስድስት የቆቅ ጫጩቶችና አንድ ሳፋ

ወፎችን ማየት መንፈስን ያረጋጋል ይላሉ መጻሕፍቱ። ጸሐፊዎቻቸው ጎረቤት አልነበራቸውም መሰለኝ።

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐይቅ ከተማ ዳር ካለው ጓሮዬ ውስጥ አንዲት ቆቅ ስድስት ጫጩቶች አስከትላ ከቁልቋሉ አጥር ሥር ብቅ አለች። ወደ ውሃው ወርጄ ዳክዬና ሽመላ የማይበትን መነጽር ይዤ ሙዙ ሥር ተቀመጥኩ። እንድትለምደኝ ብዬም ሰማያዊ ሳፋ እስከ አፉ መሬት ውስጥ ቀብሬ ውሃ ሞላሁላት። እንዲህ ደግ ስሆን ራሴን መጠርጠር ነበረብኝ።

በሦስተኛው ቀን ጫጩቶቹ አምስት ሆኑ። በሳምንቱ ሦስት።

መጀመሪያ ጭልፊትን ጠረጠርኩ። ቀጥሎ የሰፈሩን ድመት ሁሉ። አንድ ማለዳ ግን ቀድሜ ተነሥቼ በመስኮት ስመለከት፣ ገበያ ሽንኩርት የሚሸጡት ጎረቤቴ ሱብሒ ሰግደው በአጥሩ ሽንቁር ሾልከው ገቡ። ጎንበስ አሉና አንድ ነገር በነጠላቸው ሸፍነው ወጡ። ጫማዬን በቅጡ ሳላጠልቅ ደጃቸው ደረስኩ።

«እትዬ፣ ጫጩቶቼን ምን እያደረጓቸው ነው?»

«ጫጩቶቼ አለ! ቆቅን መቼ ቀልበህ ታውቃለህ?»

«በነጠላዎ ሸፍነው ሲወጡ አይቻለሁ።»

«ካየህ ደግ። እኔም ስታጠምድ አይቼሃለሁ። ሳፋ ቀብረህ፣ ሙዝ ሥር አድፍጠህ! ወላሂ፣ ለፋሲካ ነው ያልኩት።»

«እኔ? ውሃ ያጠጣኋቸው እኮ እኔ ነኝ!»

«አጠጥተህማ ልትጨርሳቸው ነበር።»

የሳፋው የውስጥ ጎን ልሙጥ ነው፤ የገባች ጫጩት መውጫ የላትም። እሳቸው የእናቲቱን ጩኸት እየሰሙ መጥተው ያወጡ ኖሯል። አንዷ ሞታ ነው የደረሱት። ሁለቱ የሽንኩርት ካርቶን ውስጥ ጨርቅ ተነጥፎላቸው ጭው ጭው ይላሉ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ለአጥማጁ ማን ይነግራል?»

«እኔ ደግሞ የሚበሏቸው መስሎኝ…»

ሳቃቸው መጣ። «ያንተን እርድ እኛ አንበላ፣ የኛን አንተ አትበላ። ምስኪን ቆቅ በሁለታችን መሀል ተመችቷት ትኖር ነበር፤ ሳፋህ መጣባት እንጂ። ቆቅ ወዲያ ምዝግዝግ ወዲህ ማለት ይኸው ነው!»

ይህን ተረት ሌላውን ለመንቀፍ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ።

ሳፋው ውስጥ ድንጋይ ደረደርኩ። እሳቸው ቆመው ያዛሉ፤ «ጨምር፣ ገና ነው። አብሽር፣ ድንጋይ አልጠፋም።» ከዚያ ሁለቱን ጫጩቶች አጥሩ ሥር ለቀቅናቸው።

በማግስቱ ቆቋ አምስቱንም ይዛ መጣች። ሳፋው ጋ ልትደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። አንገቷን አስግጋ መጀመሪያ ድንጋዩን፣ ቀጥሎ እኔን አየች። ሳትጠጣ ልጆቿን በሽንቁሩ አሾልካ ወደ ጎረቤቴ ጓሮ ይዛቸው ሄደች።

«መጣሽ እናቴ?» የሚል ድምፅ ከወዲያ ሰማሁ።

ምን እንደሚያጠጧት ለማወቅ ወንበሬን ወደ ሽንቁሩ አስጠጋሁ።